ከድልድዩ ወዲህ

ትናንት ቀኑን ሙሉ የተሰበሰብነው የተቆረጠ እጅ መሬት ላይ ስንት ሰከንድ ይቆይ በሚል ጉዳይ ነው። አትሳቁ፤ የምበላው በዚሁ ነው።

የምንሠራው ሰይፍና አስማት፣ ዘንዶና ጭራቅ ያለበት ጌም ነው። ተጫዋቹ የራሱን ሰው ይፈጥራል፣ ስም ያወጣለታል፣ ደረጃውን እያሳደገ አገር ላገር ያዞረዋል። በየመንገዱ ደግሞ ያዋጋዋል። የእኔ ድርሻ ቁስሉ ነው። ሰይፍ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ምን ይሆናል፣ የተቀላ አንገት ወዴት ይንከባለላል፣ ደሙ እስከየት ይረጫል፤ ይኼን የምሠራው እኔ ነኝ። የሥራ ባልደረቦቼ «ሐኪሟ» ይሉኛል። «ኧረ ሐኪም ይቀጥላል እንጂ አይቆርጥም» ብላቸው አልሰማ አሉ።

ክርክሩ ያው የዘወትሩ ነው። አንዱ ወገን «ደም ሲበዛ ያስጠላል፤ ቀንሱት» ይላል። ሌላው «ሰይፍ እኮ ነው፣ ላባ አይደለም፤ ከቆረጠ ቆረጠ ነው» ባይ ነው። በመጨረሻ አለቃችን ላስታርቅ ብሎ፣ «እሺ፣ እጁም ይቆረጥ፣ እግሩም ይቆረጥ። ግን በአምስት ሰከንድ ውስጥ ብን ብሎ ይጥፋ። ማሽኑም አይከብደው፣ ሰውም አይከብደው» አለ። ሁሉም ተስማማ። ከዚያ ሁሉም ዞሮ እኔን አየ።

«ነገ ጠዋት እነግራችኋለሁ» ብዬ ወጣሁ። ደክሞኛል። ይኼን ክርክር ስሰማ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩና አጎቴ ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነበር።»

«ስለ ጌም ከሆነ ቆዪ» አለኝ። ከኋላው የመኪና በር ሲዘጋ ይሰማል። «ዳቦ እያራገፍኩ ነው። ልጨርስና እደውልልሻለሁ።»

ታዲያ እስኪደውል ድረስ እኔም በሐሳብ ወደ እናቴ ጌም ቤት ሄድኩ።

ጌም ቤቱ የቤታችን የፊት ክፍል ነበር። ግድግዳውን ታከው የተደረደሩ ቴሌቪዥኖች፣ እግሩ የሚወዛወዝ አግዳሚ ወንበር፣ በፕላስተር የተጠቀለሉ ጆይስቲኮች። ክፍሉ የጋለ አቧራና የልጆች ካልሲ ይሸታል። እኛ የምንኖረው ከመጋረጃው በስተጀርባ ነው። እማዬ በሩ ላይ በርጩማ ይዛ ትቀመጣለች፤ ሰዓቱ የሞላበትን ልጅ በዓይኗ ብቻ ታስነሳዋለች። ከራሷ በላይ ካርቶን ላይ በትልቁ «ደም የለም» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚያን ጊዜ የሰይፍ ጌሞች ሴቲንግ ውስጥ ደምን ማብራትና ማጥፋት ይቻል ነበር። እናቴ አጥፍታው ነበር። በእኛ ቤት በሰይፍ የተመታ ሰው እንደ ጆንያ ዘፍ ይላል፤ በቃ። ከመንገዱ ማዶ ወፍራሙ የሚባለው ሰውዬ ጌም ቤት ውስጥ ግን ደሙ እንደ ቧንቧ ነው። ደንበኞቻችን አንድ ባንድ ወደ እሱ ሲሻገሩ በዓይኔ እያየሁ አንጀቴ ያርራል።

«እማዬ፣ ወፍራሙ ጋ እኮ ጭንቅላት ይበራል!»

«ይብረር! የኔ ቤት አውሮፕላን ማረፊያ አይደለም።»

እናቴ ቋጣሪ ናት ብዬ ደመደምኩ። ደም ሲበራ መብራት ይፈጃል፣ ቆጣሪው ቶሎ ቶሎ ይዞራል፣ ለዚያ ነው ያጠፋችው አልኩ። ለጓደኞቼም በሙሉ ልብ አስረዳሁ፤ አመኑኝም።

ለአጎቴ ብላ ነበር። ይኼን ያወቅኩት አግብቼ ከወለድኩ በኋላ ነው።

አጎቴ የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው። ከጦር ግንባር ሲመለስ ወደ እኛ ቤት መጣና የኋላዋን ክፍል ያዘ። የግንባር ሰው ሲባል እኔ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ጎርናና ሰው ስጠብቅ ነበር። የመጣው ግን ቀጭን፣ ጫማውን አልጋ ሥር አስተካክሎ የሚያስቀምጥ፣ በር ሲንኳኳ የሚነሳ ሰው ነው። የሰፈሩ ልጆች ከበውት «ስንት ገደልክ?» ሲሉት፣ «እኔ ጫኝ ነበርኩ» አለ። ጫኝ! ያን ቀን ምን ያህል እንዳፈርኩ! የሌላ ልጅ አጎት ታንክ ሲነዳ የኔ አጎት ጆንያ ሲጭን ኖረ ማለት ነው። ምን እንደሚጭን የጠየቀ አልነበረም።

እማዬ ጎረቤታችንን በር ላይ አቁማ በሹክሹክታ፣ «ዓይኑን አይከድንም እኮ። ሐኪሙም ደም እንዳያይ ብሎኛል፤ ሥጋ እንኳ ፊቱ አልቆርጥም። ይኼ ልጅ እንቅልፍ ካላገኘ አይተርፍልኝም» ስትል ሰምቻለሁ። አላመንኳትም። እኔ በገባሁ ቁጥር አጎቴ ተጋድሞ ነው የማገኘው፤ ከእሱ የበለጠ የሚተኛ ሰው አላውቅም ነበር። ተጋድሞ ጣሪያ ማየትና መተኛት አንድ ይመስለኝ ነበር።

ትምህርት ቤት የምሄደው ከሰዓት ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ቤት ነኝ። ደንበኞቹ በሙሉ ትምህርት ላይ ናቸው፤ እማዬ ወደ ገበያ ትወጣለች። በሩ ሲዘጋ አጎቴ ከኋላ ይመጣና አንዱን ቴሌቪዥን ይከፍታል። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ደሙን ያበራል። «ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትይ» ይለኛል። እኔ ደግሞ ምስጢር ላይ መቃብር ነኝ፤ ቆጣሪው እንዳይታይ ሄጄ በፎጣ እሸፍነዋለሁ።

የሚጫወተው አንድ ጌም ብቻ ነው፣ እዚያም ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ። ከድልድዩ ወዲህ ያለው ሜዳ። ባለ ጦሮቹና ባለ መጥረቢያዎቹ ይመጣሉ፤ አጎቴ ፈጠን ብሎ፣ ደስም ሳይለው፣ ሸክም እንደሚያወርድ ሰው ይጨርሳቸዋል። እጁም እግሩም እዚህና እዚያ ይበተናል። ሌላ ሰው ቢሆን ድልድዩን ተሻግሮ ይሄዳል። የእሱ ሥራ ግን ገና መጀመሩ ነው።

ዕቃ የሚያነሳ ቁልፍ ነበረው ጆይስቲኩ። የተሠራው በርሜልና ድንጋይ ለማንሳት ነው። አጎቴ በእሱ የወደቁትን ሰዎች አንድ ባንድ እየጎተተ ሣሩ ላይ በሰልፍ ያስተኛቸዋል፤ ራሳቸው ሁሉ ወዳንድ አቅጣጫ። ከዚያ የተለየውን ክንድ አንስቶ ወደ እኔ ዘወር ይላል።

«የማን ነው?»

«የዚያ የባለ አረንጓዴው!»

«እርግጠኛ ነሽ? እጅጌውን እይ እስኪ።»

«አይ… ቆይ። ቆዳ አለው። የባለ ቆዳው ነው።»

«ጎበዝ።»

ወስዶ ከባለ ቆዳው ትከሻ ጋር ያጋጥመዋል። ጠማማ ከሆነ እንደገና ያነሳና ያቃናዋል። አንድ ጊዜ እጅ ወንዝ ገባብንና ጠዋቱን በሙሉ ስንፈልግ ዋልን፤ እኔ ነኝ ከድንጋዩ ሥር ያየሁት። ያን ቀን ፀጉሬን ዳበስ አደረገኝ። መገጣጠሚያ ጨዋታ ነበር የመሰለኝ፤ ሥዕል ቆራርጠው እንደሚገጣጥሙት ዓይነት። በልጅነቴ እንደዚያ ጠዋት ደስ ያለኝ ጊዜ አላስታውስም።

የሚያሳፍረኝ ነገር አለመሻገሩ ነበር። ስድስት ዓመት ያልሞላው ልጅ እንኳ የሚያልፈውን ድልድይ አጎቴ አያልፍም። ልጆቹ ነቅተውበት «ጋሽ ድልድይ» የሚል ስም አወጡለት።

«ጋሼ፣ ለምን አንሻገርም?»

«ገና ነው። የቀረ አለ።»

ሁልጊዜ የቀረ አለ። ፈሪ ነው፣ ወይም ጌም አይችልም ብዬ ተውኩት። አሁን ሙያው ሙያዬ ስለሆነ ይገባኛል። በዚያ ጌም ተጫዋቹ ድልድዩን ሲሻገር ማሽኑ ከኋላ ያለውን ሜዳ ጠራርጎ ያጸዳል። ካልተሻገረ ግን የወደቀው እንደወደቀ ይቆያል። አንድ የደከመው ፕሮግራመር «ከዚህ ሰዓት በኋላ ይጥፉ» የሚል ትእዛዝ መጻፍ ረስቶ ይሆናል። አጎቴ የኖረው በእሱ መርሳት ውስጥ ነው።

በዚያው ሰሞን ቤታችን እንግዳ ይበዛ ጀመር። ፎቶ የያዙ ሰዎች ይመጣሉ፤ አባት፣ እህት፣ ብዙውን ጊዜ እናት። አጎቴን ፊታቸው አስቀምጠው ቀስ ብለው ያወራሉ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ የምሰማው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው። «ሙሉ ነበር» ይላል አጎቴ። «ምንም አልሆነም። እንደተኛ ሰው ነበር።» እንግዶቹ አልቅሰው፣ አመስግነው ይሄዳሉ። ግንባር ማለት ሰው ሁሉ የሚተኛበት ቦታ ነው ብዬ አሰብኩ፤ አጎቴም የመተኛት ልማዱን ያመጣው ከዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ሲሄዱ እማዬ፣ «ደግ አደረግክ። እውነቱ ለማን ይበጃል? ሆድ ይፍጀው» ትለዋለች። እሱም ተነስቶ ይጋደምና ጣሪያ ያያል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጥቁር የለበሱ ሴትዮ መጡ። እማዬ ገበያ አልወጣችም ነበር። ሴትዮዋ የደንበኞቹ አግዳሚ ላይ ጉልበታቸውን ገጥመው ቁጭ አሉ። ልብሳቸው ዱቄት ዱቄት ይሸታል። ፎቶውን ጨብጠውታል እንጂ አላሳዩም።

«ልጄ፣ አንተ ከጫንካቸው ውስጥ የኔም ነበር አሉኝ» አሉት አጎቴን።

«ነበር፣ እናቴ። ሙሉ ነበር። እንደተኛ ሰው…»

«ለጎረቤቴም እንዲህ አልካት።» ድምፃቸው አልጮኸም። «ለእህቴም እንዲሁ። ኧረ ለመሆኑ እዚያ አገር አንድም የተጎዳ ሰው የለም? ሁሉም ተኝቶ ነው የሞተው? እኔን የሰጡኝ የተዘጋ ሳጥን ነው። አትክፈቺ አሉኝ፣ አልከፈትኩም። እንግዲህ ግማሽ ልጅ ቀብሬ ከሆነ ልወቀው። የቀረው የት ሜዳ ላይ ወድቆ ይሆን እያልኩ ምግብ አልበላ አለኝ።»

«እትዬ፣ ቢተዉት ይሻላል» አለች እማዬ። «የፈሰሰ ውሃ…»

«አይታፈስም፤ አውቃለሁ። የት እንደፈሰሰ ልወቅ ነው ያልኩት።»

እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ደሜ ፈላ። ሴትዮዋ አጎቴን ሥራህን አትችልም ያሉት መሰለኝ፤ ዕቃ ጠፋብህ ብለው የመጡ። ምን ሲባል! ጌም አይችልም ቢሉ እሺ፣ የጠፋ ዕቃ ፈልጎ በማግኘት ግን የሚስተካከለው አለ እንዴ?

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።

«አጎቴ እኮ ምንም አይጠፋበትም! የማን እጅ እንደሆነ አይቶ ያውቃል! ወንዝ የገባ እንኳ አግኝተናል! ላሳይዎት?»

ማንም ሳይመልስልኝ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ፤ ሴቲንግ ገብቼ ደሙን አበራሁ። አጎቴ ሴቭ ያደረገውን ስከፍት ሜዳው መጣ። ያለፈው ቀን ያስተኛናቸው ሰዎች በሰልፋቸው አሉ፣ ራሳቸው ወዳንድ አቅጣጫ። መጨረሻ ላይ ያለው ብቻ ቀኝ እጅ የለውም።

«አንቺ ልጅ! ምን ጉድ ነው ይኼ? በሞትኩት!» እማዬ ገመዱን ልትነቅል ተወረወረች።

ሴትዮዋ እጃቸውን አነሱ። «ተያት» አሉ። «ተያት፣ ልየው።»

ጆይስቲኩን ለአጎቴ ሰጠሁት። ይመልስልኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ተቀበለኝ። ወደ ወንዙ ወረደ። ሣር ውስጥ ፈለገ፣ ዞረ፣ ተመለሰ። እጁን አገኘው። ሜዳውን በሙሉ አቋርጦ ተሸክሞት መጣና ከሰውየው ትከሻ ሥር አስቀመጠው። ጠመመ። አንስቶ አቃናው።

«እዚያም እንዲህ ነበር የምታደርገው?» አሉ ሴትዮዋ።

«አዎ።»

«የኔንም?»

አጎቴ ጆይስቲኩን አስቀመጠና እጁን ዘረጋ። ፎቶውን ሰጡት። ከእንግዶቹ የማንንም ፎቶ እንዲህ ሲያይ አይቼው አላውቅም፤ ሁልጊዜ ሳያይ ነበር የሚመልሰው።

«ሁለቱም ክንዱ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለው» አለ። «አግድም አግድም፣ መስመር መስመር የሆነ።»

ሴትዮዋ አፋቸውን ያዙ። «ከዳቦ ምድጃው በር ነው» አሉ። «ትሪ ሲያወጣ። እጅጌህን አውርድ ስለው አይሰማኝም… ፎቶው ላይ እኮ አይታይም።»

«ቀኝ እጁ ተለይቶ ነበር፣ እናቴ። የመጀመሪያው ቀን አጣሁት። በማግስቱ አለቃዬ ተወው እያለኝ ተመልሼ ሄድኩ። ከቦዩ ማዶ ነበር። በጠባሳው አወቅኩት፤ ከግራው ጋር አስተያየሁት። አብሬው አድርጌ፣ አቃንቼ ነው ሳጥኑን የዘጋሁት። ምንም አልቀረም። ሌላው ላይ የቀረ አለ፤ ከእሱ ግን ምንም አልቀረም።»

ይኼን ሁሉ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እማዬ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ሴትዮዋ ተነስተው አጎቴ ፊት ተንበረከኩ። ሁለት እጁን ያዙ። «እነዚህ ናቸው?» አሉ። ገለበጧቸው፣ መዳፉን አዩ፣ ጣቶቹን አንድ ባንድ ነካኩ። የታጠቡ መሆናቸውን የሚያዩ መሰለኝ፤ እኔን እማዬ ከምሳ በፊት እንደምታየኝ። ከዚያ ፊታቸውን መዳፉ ውስጥ ቀበሩና አለቀሱ፤ አጎቴም አለቀሰ። ጨዋታው ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ግራ ገባኝ።

ሴትዮዋ ሲሄዱ አጎቴ ፊቱን ታጠበና ተመልሶ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠ። እማዬ ገመዱን አልነቀለችም። እኔ አጠገቡ ተለጠፍኩና እንደ ወትሮው፣ «የቀረ አለ?» አልኩት።

ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አየው። «የለም» አለ።

ጆይስቲኩን አንስቶ ድልድዩን ተሻገረ።

በጩኸት ክፍሉን አናጋሁት። ከድልድዩ ማዶ ያለው ግን ዘንዶም ጭራቅም አይደለም፤ ተራ መንደር ነው። ዶሮዎች ይጭራሉ። የውሃ ጉድጓድ አለ። አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሞ «እንኳን ደህና መጣህ፣ መንገደኛ» ይላል። አጎቴ አንድ ጊዜ ዞሮ ወደ ኋላ አየ። ሜዳው ባዶ ነው፤ ሣር ብቻ። ጆይስቲኩን ለእኔ ሰጠኝና ወደ ክፍሉ ገባ።

ማታ አልወጣም። በማግስቱም ጠዋት አልወጣም። በሩን ባንኳኳ ዝም። ተቆጥቶኛል፣ ምስጢሩን አወጣሁበት ብዬ በሩ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። እማዬ ደግሞ በርጩማዋን ይዛ ውጭ በር ላይ ቁጭ ብላለች፤ የመጣውን ደንበኛ ሁሉ «ዛሬ ዝግ ነው፣ ድምፃችሁን ቀንሱ» እያለች ትመልሳለች። እኔን ለመቅጣት ጌም ቤቱን የዘጋችው መሰለኝ። ለካ አጎቴ ተኝቶ ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑ ተከድኖ ነበር፤ ሌሊት እማዬ የበሩ ስንጥቅ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ሲያንኮራፋ እንኳ ሰምታዋለች። ይኼን ራሷ እማዬ ነች የነገረችኝ፣ በስተርጅና፣ ድንች ስንልጥ።

ደሙንም ዳግመኛ አላበራም። እናቴ የከለከለችው እየመሰለኝ ስንት ዓመት አኮረፍኳት! «እሱ ራሱ ነው በቃኝ ያለኝ» አለችኝ፤ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይላሉ፤ ያንቺ ግን በቃ።»

ብዙም ሳይቆይ ሴትዮዋ ተመልሰው መጡና አጎቴን ወሰዱት። የጠፋባቸውን ዕቃ በጉልበቱ ሊከፍል ሄደ ብዬ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ አወራሁ። የዳቦ ቤታቸውን መኪና የሚነዳላቸው ሰው አጥተው ነበር፤ ይነዳው የነበረው ልጃቸው ነው። ሴትዮዋ ካረፉ ቆይተዋል። አጎቴ ግን መኪናውን እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

ስልኬ የጮኸው ደረጃው ላይ እንደተቀመጥኩ ነው።

«በይ እስኪ ጥያቄሽን» አለኝ።

ነገርኩት። ስለ ሰይፉ፣ ስለ ክርክሩ፣ ስለ አምስቱ ሰከንድ። የባዶ ትሪ ድምፅ ይሰማኛል።

«ደሙን እንደፈለጋችሁ አድርጉት» አለ በመጨረሻ። «አብዙት፣ አሳንሱት፣ ለእኔ ያው ነው። ሰውየውን ግን ቶሎ አታጥፉት። የሚፈልገው ሰው ሊመጣ ይችላል።»

«እሺ ጋሼ።»

«ዳቦ ልተውልሽ? ትኩስ ነው።»

«ተውልኝ» አልኩት።

ዛሬ ጠዋት ስብሰባው ላይ ገና ሳልቀመጥ ጠየቁኝ። «አይጠፋም» አልኩ። «ተጫዋቹ ራሱ ትቶት እስኪሄድ ድረስ በወደቀበት ይቆያል። ላንሳው ካለም ይነሳለታል።»

«ኧረ ሐኪሟ፣ ምን ነካሽ?» አለ አለቃዬ። «ማሽኑ ይከብደዋል እኮ!»

«ይክበደው» አልኩ።